የመጀመሪያው ትዝታዬ የእኔ ነው ወይስ የእህቴ?

መዝጋቢው

የቤተሰባችንን ታሪክ እየጻፍኩ ነው። የአያቶቼን ክፍል ከደብዳቤና ከውል ወረቀት አሰባስቤ፣ የወላጆቼን ደግሞ በሕይወት ሳሉ ራሳቸውን ጠይቄ ጨርሻለሁ። የተቸገርኩት የራሴ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ነው። ምዕራፉን በመጀመሪያው ትዝታዬ ልከፍተው አስቤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«መብራት ጠፍቷል። ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ። በሩ ተከፍቶ አንድ ረጅም ሰው እርጥብ ጃንጥላ ይዞ ይገባል። ከጃንጥላው የሚንጠባጠበው ውኃ የእግሬ ጣት ላይ ያርፋል፤ ይቀዘቅዛል። እናቴ እዚያው ጨለማው ውስጥ ትስቃለች።»

ይኸው ነው። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ እናቴን ምን እንዳሳቃት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አላውቅም። ረቂቁን ለታላቅ እህቴ ላክኩላት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። መልሷ አጭር ነበር፦ «ይህ የእኔ ትዝታ ነው። አንተ ተኝተህ ነበር። ጠዋት የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

እናታችን በሕይወት ስለሌለች የሚዳኘን ሰው የለም። እህቴ ዋሽታ አታውቅም፤ የውኃው ቅዝቃዜ ግን አሁንም ጣቴ ላይ ይሰማኛል። በማን ስም ልጻፈው? ወይስ ጭራሹን ልተወው?

ሐረግ ቆጣሪ

አንተ የምትፈልገው ዳኛ ነው፤ በእጅህ ያለው ግን ሁለት ምስክር ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ሁለተኛው ይበልጣል።

ከእህትህ ጋር በስልክ መከራከሩን አሁኑኑ አቁም። በተከራከራችሁ ቁጥር የእርሷ ዝርዝር ወደ አንተ፣ የአንተም ወደ እርሷ ይገባል፤ ከወር በኋላ የትኛው የማን እንደነበረ ሁለታችሁም አታውቁትም። አንተ የጻፍከው አለ፤ እርሷም የራሷን ለብቻዋ ትጻፍ። ሁለቱም ላይ የተጻፉበት ቀን ይስፈር። ከዚያ በኋላ ነው ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት። እኔ አክስቶቼን ሳነጋግር አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቤ አላውቅም፤ ታላቂቱ ከተናገረች ሌሎቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ብቻ ነው ሥራቸው።

የሥነ ልቦና መምህርት

ወንድሜ፣ የገጠመህ ነገር ከምታስበው በላይ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት 20 ጥንድ አዋቂ መንትዮች ለተሰጧቸው ቃላት የየራሳቸውን ትዝታ እንዲናገሩ ተጠይቀው ነበር። ከ20ው ጥንድ 14ቱ ቢያንስ አንድ ትዝታ ላይ «በእኔ ላይ ነው የደረሰው»፣ «የለም፣ በእኔ ላይ ነው» ተባብለዋል። ሁለቱም ወገን ከልቡ ነው የሚናገረው።

ስለ ዕድሜው ደግሞ ይህን ልጨምር። አዋቂዎች የመጀመሪያ ትዝታቸውን ሲጠየቁ በአማካይ የሚጠቅሱት ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ የደረሰባቸውን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባዶነት «የልጅነት ዝንጋታ» ይባላል፤ የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ሲግመንድ ፍሮይድ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ እርሱ ጽፏል። ፍሮይድ ምክንያቱ የተዳፈነ ስሜት ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬ ያ ማብራሪያ ብዙ ደጋፊ የለውም። አሁን የሚታየው አንጎል ነው። ትዝታን የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል ከተወለድን በኋላም ለዓመታት ገና በመብሰል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ የተሠራ ምርምር ደግሞ በዚህ ክፍል ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች በብዛት ሲፈጠሩ የቀደመው ትዝታ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ሕፃናት ላይ ይህ የሴል መፈጠር እጅግ ፈጣን ነው።

ቋንቋም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሥራ ተመራማሪዎች አሻንጉሊት የሚያሳንስ የሚመስል ማሽን ሠርተው ትንንሽ ልጆችን አጫወቱ። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ልጆቹ ማሽኑን እንዴት እንደሚያሠሩት በእጃቸው ያሳዩ ነበር፤ ሲናገሩ ግን በጨዋታው ጊዜ የማያውቁትን ቃል አንዳቸውም አልተጠቀሙም። እጃቸው የያዘውን አፋቸው ሊያወጣው አልቻለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በትዝታህ ውስጥ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ልጅ ታየዋለህ ወይስ ልጁ ሆነህ ነው የምታየው?

መዝጋቢው

ልጁን አላየውም። የማየው ጉልበቴን፣ ጣቴንና የሰውዬውን ጫማ ነው። ፊቱን ቀና ብዬ ያየሁ አይመስለኝም።

የሥነ ልቦና መምህርት

ትዝታን ሰዎች በሁለት መንገድ እንደሚያዩት እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት በሚገባ ለይቶታል፤ አንዱ በራስ ዓይን፣ ሌላው ራስን ከውጭ ሆኖ እንደ ተመልካች። የቆዩ ትዝታዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። የአንተ በራስህ ዓይን መሆኑ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማረጋገጫ አድርገህ እንዳትይዘው። የተነገረን ነገርም በራስ ዓይን ሊታይ ይችላል።

ተጠራጣሪ

እንግዲህ መልሱ ግልጽ ነው፤ ይቅር። ታሪክ እየጻፍክ ከሆነ ያልተረጋገጠ ነገር አታስገባ።

ዣን ፒያዤን የሚያውቅ አለ? የልጆችን አስተሳሰብ በማጥናት ዕድሜውን የጨረሰው ስዊዘርላንዳዊ። የመጀመሪያ ትዝታዬ የሚለው በሁለት ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ ሊያግተው የመጣ ሰው ነበር። በጋሪው ታስሮ መቀመጡን፣ ሞግዚቲቱ ከሰውዬው ጋር መታገሏን፣ ፊቷ መቧጨሩን፣ የፖሊሱን አጭር ካባ ሁሉ ያያል። 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞግዚቲቱ ለወላጆቹ ደብዳቤ ላከች፦ ታሪኩን የፈጠረችው ራሷ ናት፤ በሽልማት የተሰጣትን ሰዓትም መለሰች። ልጁ በጆሮው የሰማውን ነበር ለዓመታት በዓይኑ ያየው። ፒያዤ ከተታለለ መዝጋቢው በምን ይድናል?

የደብዳቤ ወዳጅ

ተጠራጣሪ፣ ምሳሌህ የሚያገለግለው ለእኔ ነው። ያ ሐሰተኛ ትዝታ ባይጻፍ ስለዚያ ቤተሰብ ምን እናጣ ነበር? ልጃቸውን ለሞግዚት ሰጥተው ጎዳና የሚልኩ፣ አደጋ ደረሰ ሲባሉ ሰዓት የሚሸልሙ፣ ታሪኩን በልጁ ፊት ደጋግመው የሚያወሩ ወላጆች፤ ለዓመታት ውሸት ተሸክማ በመጨረሻ ሕሊናዋ እንቢ ያላት ሴት። ይህ የቤተሰብ ታሪክ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የሐሰቱ ምንጭ እስከታወቀ ድረስ ሐሰቱም ሰነድ ነው።

ለፍርድ ቤት ቃል እየሰጠን አይደለም። የትኛው ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ሲደጋገም እንደኖረ ማወቅ በራሱ ዕውቀት ነው።

ተጠራጣሪ

«ምንጩ እስከታወቀ ድረስ» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ሞግዚቲቱ ደብዳቤ ባትጽፍስ?

ማለዳ

እኔ ግን አልጋዬ ውስጥ ተኝቼ ከበላዬ የሚሽከረከረውን መጫወቻ አስታውሳለሁ። ዓመት አልሞላኝም። ማንም የነገረኝ የለም።

የሥነ ልቦና መምህርት

ማለዳ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሰፊ መጠይቅ ከ6,641 ተሳታፊዎች 38.6 በመቶው የመጀመሪያ ትዝታቸው ከሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ ተናግረዋል። አልጋና ጋሪ ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። አጥኚዎቹ ያሉት እንዲህ ያሉ ትዝታዎች ከቁርጥራጭ ምስል፣ ከፎቶግራፍና ከቤተሰብ ወሬ ቀስ በቀስ የተገነቡ ሳይሆኑ አይቀርም ነው። ባለቤቱ እየዋሸ ነው ማለት አይደለም። ግን በጽሑፍሽ ላይ «ዓመት ሳይሞላኝ» ብለሽ ዕድሜውን ከማስፈርሽ በፊት መጫወቻው የተገዛው ለአንቺ ነው ወይስ ለታናሽሽ ብለሽ ጠይቂ። የታናሽ ወንድም ወይም እህት አልጋ አጠገብ ቆሞ ማየትና በራስ አልጋ ተኝቶ ማየት ከጊዜ በኋላ ይቀላቀላሉ።

ማለዳ

ታናሽ ወንድም አለኝ። እጠይቃለሁ።

ፕላን ሠሪው

ሥራዬ የቤት ንድፍ መሣል ስለሆነ ይሆናል፣ በዚህ ጉዳይ የምተማመነው በእርሳስ ብቻ ነው። «ምን ታስታውሳለህ?» ብለህ ራስህን ብትጠይቅ የሚመጣልህ ያንኑ መቶ ጊዜ የተናገርከው ነው። ወረቀት አውጥተህ የልጅነት ቤትህን ወለል ሣል። ያማረ እንዲሆን አትጨነቅ፤ ልኬቱም ይቅር። በሮቹ የት ነበሩ? ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈቱት? የትኛው በር ይጮህ ነበር? የመብራት ማብሪያው የት ነው፣ ትደርስበት ነበር? ከአልጋህ ስትነሳ መጀመሪያ የምትረግጠው ምን ነበር፣ ምንጣፍ ወይስ ባዶ ወለል? መስኮቱ በር ላይ ያለውን ሰው ያሳያል? ማታ የትኛው ክፍል ነበር የሚያስፈራህ?

እኔ የራሴን ስሣል አንድ ቁም ሣጥን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ሣጥኑን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ውስጡ ተደብቄ የካፖርት ሽታ ሸትቻለሁ። በሣልኩት ቤት ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ለካ የሌላ ቤት ዕቃ ነው፣ ከዚያ በፊት የኖርንበት። እንዲህ ነው ስለዚያ የመጀመሪያ ቤት ምንም አላስታውስም ስል የኖርኩት ሰው አንድ ሙሉ ክፍል ያገኘሁት።

ሽታን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ሽታ የሚቀሰቅሳቸው ትዝታዎች በብዛት ከመጀመሪያዎቹ አሥር የዕድሜ ዓመታት የሚመጡ መሆናቸው በጥናት ታይቷል፤ በቃል የሚቀሰቀሱት ግን ከጉርምስናና ከወጣትነት ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ከመቆዘም የቆየ መጽሐፍ ገልጦ ወይም ያንኑ የድሮውን ሳሙና ፈልጎ ማሽተት ይሻላል።

የፎቶ አልበም ግን መጨረሻ ላይ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ፎቶውን ቀድመህ ካየኸው ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ፎቶውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች 20 አዋቂዎችን በልጅነታቸው በሞቃት አየር ፊኛ እንደተሳፈሩ አድርጎ በተቀነባበረ ፎቶ ፈተኗቸው። ማንም ተሳፍሮ አያውቅም ነበር። ደጋግመው ከተጠየቁ በኋላ ግማሾቹ ያልሆነውን ጉዞ በከፊል ወይም በሙሉ «አስታወሱት»።

ሐረግ ቆጣሪ

በፕላን ሠሪው ላይ የምጨምረው የጊዜ ችንካር ነው። ትዝታ ቀን የለውም፤ ቀን ያላቸው ነገሮች ግን በዙሪያው አሉ፦ የታናሽ ልደት፣ የቤት ለውጥ፣ ሆስፒታል መተኛት፣ የዘመድ ሞት። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ሰዎች የታናሻቸውን መወለድና የራሳቸውን ሆስፒታል መተኛት ከሁለት ዓመታቸው ጀምሮ፣ የቤት ለውጥንና የቤተሰብ ሞትን ደግሞ ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ማስታወስ እንደሚችሉ ተገኝቷል። እነዚህን ችንካሮች በአንድ መስመር ላይ አስቀምጥና ትዝታህ ከየትኛው በፊት፣ ከየትኛው በኋላ እንደሆነ ጠይቅ። በግምት የምንሰጠው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ይዘገያል፤ ሰው በሦስት ዓመቱ የደረሰበትን በአራት ነው ይላል።

መዝጋቢው

ሠራሁት። እህቴም ሣለች፤ እንድትጽፍም አደረግኩ። እርስ በርስ ሳናሳይ በፖስታ ተላላክን።

የእኔ ደረጃ ከታች የታየ ነው፤ ከሦስተኛው እርከን በላይ ያለውን መሣል አልቻልኩም። የእርሷ ሥዕል ከላይኛው ወለል ነው፤ መደገፊያው፣ የተፈለፈለው እንጨት ቅርጽ፣ ከታች ያለው በር። በጽሑፏ ውስጥ ጃንጥላ አለ፣ የእናቴ ሳቅ አለ፤ ውኃና ጣት የለም። ሰውዬው አጎታችን እንደሆነ ጽፋለች፤ እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት «በኋላ ተነገረኝ» አለች። ተኝተህ ነበር ያለችውስ? «ልትተኛ ይገባህ ነበርና» አለችኝ። እርግጠኛ አይደለችም ማለት ነው፤ ይህን ግን በአፏ አላለችውም።

በውሉ ወረቀት መሠረት ከዚያ ቤት የወጣነው ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው።

ተጠራጣሪ

ስለዚህ አልተፈታም።

መዝጋቢው

አልተፈታም። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የእርሷን በእርሷ ቃል፣ የእኔን በእኔ። አጎታችን የሚለውን ከእርሷ ክፍል ውስጥ «በኋላ የተነገራት» ብዬ አስቀምጣለሁ። ወደ እኔ ክፍል አላሻግረውም።

ተጠራጣሪ

በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ከፎቶ ነው» የሚል ይኑርበት።

የደብዳቤ ወዳጅ

በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ? ማን ሊያነበው! ምንጩን ከገጹ ግርጌ ወይም ከኅዳግ አስፍረው፤ ጽሑፉ ይተንፍስ። የልጅ ልጆችህ የሚያነቡት የፖሊስ ቃለ ጉባኤ ከመሰለ ሁለተኛውን ገጽ አይገልጡም፤ ያኔ ትክክል መሆኑ ለማን ይጠቅማል?

የሁለት ልጆች እናት

እስካሁን የሁላችሁም ጨዋታ ስላለፈው ነው። እኔ የማስበው ስለሚመጣው ነው። መምህርት ትፈቅድልኝና፣ አንድ ያነበብኩት ጥናት አለ፦ ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር ስለ ቅርብ ጊዜ ገጠመኝ ሲያወጉ ተቀረጹ። በአምስት፣ በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ሲጠየቁ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያስታውሱ ነበር፤ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው ግን 40 በመቶም አልሞላም። የአራት ዓመቷ ልጄ ዛሬ የምታውቀው ያለፈው ዓመት ጉዞ ሲጠፋ እኔ ቆሜ እያየሁ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እየቀረጽኳት ነው። «ያኔ ምን ሆነ?» እላትና ዝም እላለሁ። አላርማትም። ውሻው ቤት ያክል ነበር ካለች ቤት ያክል ነበር።

የሥነ ልቦና መምህርት

መልካም አድርገሻል። ስላለፈ ነገር ከልጆቻቸው ጋር በዝርዝር የሚያወጉ፣ «ከዚያስ? ማን ነበር? አንቺ ምን ተሰማሽ?» እያሉ የሚጠይቁ እናቶች ልጆች ትዝታቸው የበለጸገ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል። «አዎ ወይም አይደለም» የሚያስመልስ ጥያቄ ግን አታብዢ፤ ልጅ ለማስደሰት አዎ ይላል።

አዛውንቱ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ነገር ከዚህ ይለያል። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ሕይወቴን እንድጽፍላቸው ይወተውቱኛል። የመጀመሪያው ትዝታዬ ከተዘጋ በር በስተጀርባ እናቴ ስታለቅስና የአባቴ ድምፅ ከፍ ሲል ነው። የትዝታው ባለቤት እኔ መሆኔን አልጠራጠርም። አባቴን ግን በዚህ ቤት ሁሉ በደግነቱ ነው የሚያውቀው፤ እኔም ደግነቱን አይቻለሁ። በዚህ ልጀምር?

ሐረግ ቆጣሪ

አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። በእርሱ መጀመር ግዴታዎ አይደለም፤ የመጀመሪያው ትዝታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ የሚል ሕግ የለም። ሰባተኛው ገጽ ላይም ይገባል። የሚጎዳ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ለብቻው በታሸገ ፖስታ ጽፈው መቼ እንደሚከፈት ማዘዝ ይችላሉ።

ተጠራጣሪ

እርስዎ የሰሙት ድምፅ ነው። ድምፁን ይጻፉ። ምን እንደተፈጠረና ጥፋቱ የማን እንደነበር በኋላ አድገው የደረሱበትን መደምደሚያ ግን ለሕፃኑ አይስጡት።

የደብዳቤ ወዳጅ

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ሆኜ ልናገር። ለእኛ የቀረልን የአያታችን ማስታወሻ አንድ መጥፎ ቀን የለበትም። ሁሉም ይዋደዳል፣ ሁሉም ታታሪ ነው። ሳነበው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር የተቀመጥኩ ያህል ነበር። የአባትዎን ደግነትም በሩንም ቢጽፉ ልጆችዎ ሁለቱን የመሸከም አቅም ያላቸው ይመስለኛል።

አዛውንቱ

አስብበታለሁ። ሌላው ችግሬ እጄ ነው፤ ብዕር ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።

ፕላን ሠሪው

አይጻፉ፣ ይናገሩ። ተራ የስልክ መቅረጫ ይበቃል። ሲጀምሩ ቀኑንና የተቀመጡበትን ቦታ በድምፅዎ ይናገሩ፤ ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ስሙ ቢለወጥ እንኳ ቀኑ ከውስጡ አይጠፋም። ከግማሽ ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ አይቀጥሉ። ቅጂውን ስልኩ ላይ ብቻ አይተዉት፤ አንድ በኮምፒውተር፣ አንድ ደግሞ በሌላ ቤት ባለ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። በጽሑፍ የሚገለብጠው ሰው ቋንቋዎን እንዳያስተካክል አደራ ይበሉት።

አዛውንቱ

የምትቀርጸኝ የ11 ዓመት የልጅ ልጄ ናት። በየመሐሉ እየገባች ትጠይቃለች። ዝም እንድትል ልንገራት?

የሥነ ልቦና መምህርት

የለም፣ ትጠይቅ። ጥያቄዋም ከቅጂው አይቆረጥ።